«አይታይም» ያልኳት ኮከብ

በ2017 የገና ማታ የእህቴ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የመለስኩለት በአንድ ቃል ነው፤ «አይታይም»። ልጁ ዝም አለ። ጨዋታው ቀጠለ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፣ እንግዶቹም ተሸኙ። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ያቺኑ ቃል ሳመላልስ አመሸሁ። ልጁ ስለከፋው አይደለም፤ አልከፋውም። ያልኩት እውነት ይሁን ውሸት እንደማላውቅ ስለገባኝ ነው።

ጥያቄው ይሄ ነበር። «አክስቴ፣ ቡና የሚባል ኮከብ አለ አይደል? እሱን አሳዪኛ!»

ኮከቡ አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ እያንዳንዱ አገር ለአንድ ኮከብና ዙሪያውን ለምትዞር አንዲት ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰችው እስከዚያ ድረስ ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ የምትታወቅ ኮከብ ናት። ኮከቧ ቡና ተባለች። ፕላኔቷ ደግሞ አቦል። ዜናውን የሰማሁ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ጅማ ተወልዶ በቡና ጭስ ያደገ ሰው እንዴት ደስ አይለው? ከዚያ ግን ረሳሁት። ልጁ ትምህርት ቤት ሰምቶ ኖሮ አልረሳም።

ያን ማታ ግቢያችን ውስጥ ቴሌስኮፕ ቆሞ ነበር። ጥያቄውን ያመጣውም እሱ ነው።

## አልጋ ሥር የከረመችው

ትንሽ ናት። የፊት ሌንሷ ስፋት 70 ሚሊሜትር ነው፤ የትኩረት ርቀቷ 400 ሚሊሜትር። ከነማቆሚያዋ አንድ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ውጭ የምትኖር ዘመዳችን በ2016 ክረምት ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛልኝ መጣች። ዓይን የሚደረግባቸው ሁለት ትንንሽ ሌንሶች አሏት፤ አንዱ ባለ 20፣ ሌላው ባለ 10 ሚሊሜትር። ሂሳቡ ቀላል ነው። 400ን ለሌንሱ ቁጥር ማካፈል ነው። በባለ 20ው 20 እጥፍ፣ በባለ 10ሩ 40 እጥፍ ታቀርባለች።

የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም አለፈ። ሰማዩ ቢከፈት እንኳ ለአሥር ደቂቃ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ጥርት ያለ ማታ ተገኘ። ማቆሚያዋን እስከ መጨረሻ ዘረጋሁ። የበለጠ ስለሚያቀርብ ብዬ ባለ 10ሩን ሌንስ ሰካሁ። ከሁሉ ወደሚደምቀው ኮከብ አዞርኳት። ጥቁር። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። አሁንም ጥቁር። አንዴ የሆነ ብርሃን ሽው ብሎ አለፈና ጠፋ። አንድ ሰዓት ሙሉ ታግዬ፣ አንገቴን አሞኝ ገባሁ። ቴሌስኮፗን ወደ ቦርሳዋ መልሼ አልጋ ሥር ከተትኳት። ለጠየቀኝ ሁሉ «ዕቃው አይረባም» ማለት ጀመርኩ።

አልጋ ሥር አንድ ወር ያህል ከረመች። ያስወጣኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። ድሮ ቅየሳ ላይ የሠራ ሰው ነው፤ ከመሣሪያ ጋር ረጅም ጊዜ ኖሯል። ብሶቴን ሰምቶ ሲጨርስ «በቀን ሞክረሻት ታውቂያለሽ?» አለኝ። አልሞከርኳትም። «በቀን ያላስተካከልሽውን በጨለማ ልታስተካክይው ነው?»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ አቆምኳት። ባለ 20ውን ሌንስ ሰክቼ ጅሬን ኮረብታ ላይ ለብቻው ወደቆመ አንድ ዛፍ አዞርኳት። ዛፉን መሃል ላይ አስገባሁት። ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ከዚያ ቱቦዋ ላይ በተለጠፈችው ትንሿ ማነጣጠሪያ አየሁ። ቀዩ ነጥብ ዛፉ ላይ የለም። ከኮረብታው ወዲያ፣ ባዶ ሰማይ ላይ ተቀምጧል። ጥቅምት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ያነጣጠርኩት ኮከብና ቴሌስኮፗ የምታየው ቦታ የተለያዩ ነበሩ ማለት ነው። ማነጣጠሪያዋ ጎን ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። እነሱን እያዞርኩ ነጥቡን ዛፉ ላይ አሳረፍኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ይሄን የምታነቡና ቴሌስኮፕ ያላችሁ ሰዎች፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይቺን አምስት ደቂቃ ውሰዱ። ሌላም አለ፤ ይሄኛው ልመና ነው። በቀን ስትሞክሩ ወደ ፀሐይ በፍጹም አታዙሯት። በቴሌስኮፕ ፀሐይን ያየ ዓይን በቅጽበት ይጎዳል፣ አይመለስምም። ልጅ ባለበት ቤት በቀን ብቻዋን አትተዋት። እኔ ከቆመችበት ራቅ ካልኩ የፊት ክዳኗን ሳልገጥም አልሄድም።

## የእማማ በርጩማ

ማነጣጠሪያው ተስተካከለ። አሁን ደግሞ መንቀጥቀጡ መጣ። የማቆሚያዋ እግሮች ቀጫጭን ናቸው። ሙሉ በሙሉ ተዘርግተው ሲቆሙ፣ ቱቦዋን በጣት ጫፍ ብትነኳት ኮከቡ ይዘላል። እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ንፋስ ካለ ደግሞ ጭራሽ አይረጋም። ጁፒተር ያን ሰሞን አናታችን ላይ ነበር የሚወጣው። እሱን ለማየት ከቱቦዋ ሥር ገብቼ እጎብጥ ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ ያሉት እማማ ይሄን ሁሉ ያያሉ። ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ነው የሚላቸው። አንድ ማታ ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «አንቺ ልጅ፣ ምነው ቁጭ ብለሽ ብታዪ?» አሉኝ። መልሴንም ሳይጠብቁ ገብተው በርጩማ አመጡና በአጥሩ ላይ አሻገሩልኝ።

የጅማ በርጩማ ነው፤ ባለ ሦስት እግሩ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ መገጣጠሚያ የሌለው። መቀመጫው መሃል ላይ ጎድጎድ ይላል፤ ከስንት ዓመት መቀመጥ ብዛት እንደ ቀንድ ያብረቀርቃል። አንደኛው እግሩ ሥር እሳት የነካው ጥቁር ምልክት አለው። ግቢያችን ወጣ ገባ ነው፤ በርጩማው ግን የትም ቢያርፍ አይወላገድም። ሦስት እግር ያለው ነገር እንደዚያ ነው። ተቀምጬበት ሳስብ ገባኝ። የቴሌስኮፗ ማቆሚያም ሦስት እግር ነው ያለው። የሚያንቀጠቅጠው መሬቱ ሳይሆን ቁመቱ ነው።

እግሮቹን ሙሉ በሙሉ አጠፍኳቸው። ማቆሚያዋ ጉልበቴ ላይ ደረሰች። እኔም በርጩማው ላይ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ከማቆሚያዋ መሃል ዘንግ ላይ ሁለት ኪሎ የሚሆን ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በፌስታል አንጠለጠልኩ፤ እሱንም የሰጡኝ እማማ ናቸው። መንቀጥቀጡ ጨርሶ ባይጠፋም ታገሠ። ቴሌስኮፕ ዓይን ላይ ብቻ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወገብም፣ አንገትም፣ ትንፋሽም አለበት። ያልተመቸው ሰው ቶሎ ይነሳል። ቶሎ የተነሳ ደግሞ አያይም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። ቴሌስኮፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የምትዞረዋን ቀለል ያለች ማቆሚያ ምረጡ። ሌላ ዓይነት አለ፤ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ የሚያዘነብል። ሰሜን ኮከብ አውሮፓ ውስጥ ከአድማሱ ብዙ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ጅማ ላይ ግን ከአድማሱ ሰባት ስምንት ዲግሪ ቢሆን ነው፤ ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚያመሸው። ብዙዎቹ ርካሽ ማቆሚያዎች ያን ያህል ዝቅ አይሉም። በምትኩ እኛ ያለንን ደግሞ እነሱ የላቸውም። ከአንድ ግቢ ሰሜን ኮከብንም፣ በሌላው ወቅት የደቡብ መስቀልንም እናያለን።

## የገና ማታ

ገና ማታ ጨረቃ ልክ እኩሌታዋ ላይ ነበረች። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ማታ የለም። ጨረቃ ሞልታ ስትወጣ ፀሐይ ከፊት ለፊቷ ስለምታበራባት ጥላ የላትም፤ እንደ ነጭ ሰሃን ናት። ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ጥላው ረጅም ነው። ጉድጓዶቹ ጠርዛቸው ይበራል፣ ውስጣቸው ጥቁር ነው። ዘመድ ሁሉ ተሰልፎ አየ። አባቴ ዓይናቸውን ካነሱ በኋላ ራቁት ዓይናቸውን ወደ ጨረቃ አቅንተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 መጀመሪያ የረገጠበትን ጠቆር ያለ ሜዳ አሳየኋቸው። ባንዲራውን ፈለጉ። እሱ በምድር ላይ ባለ በየትኛውም ቴሌስኮፕ አይለይም።

በምዕራብ በኩል ቬኑስ ነበረች። በዓይን ስትታይ አንድ ደማቅ ነጥብ ናት። በቴሌስኮፗ ግን እንደ ጨረቃ ግማሽ ሆና ታየች። ጁፒተርን ከነጨረቃዎቹ አየን፤ ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ያያቸውን እነዚያኑ አራቱን። ያን ጊዜ እሱ የያዘው መሣሪያ በማቅረብ አቅሙ ከእኔዋ ብዙም አይርቅም። የሳተርን ቀለበት ግን ያን ዓመት ጎኑን ለእኛ ሊሰጥ ተቃርቦ ስለነበር በጣም ቀጥኗል። ክሩን እንኳ ማየቴን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰው ሁሉ ይገረማል፣ እኔም እየኮራሁ አስረዳለሁ። ልጁ የጠየቀኝ በዚህ መሃል ነው። መለስኩለት። «እሱ አይታይም፤ ሩቅ ነው።»

ሩቅ ነው! ያሳየሁት ሁሉ ሩቅ ነበር እኮ። ማታ አልጋዬ ላይ የቆረቆረኝ ይሄ ነው። ልጁ የጠየቀኝን አንድም ቀን ለማወቅ አልሞከርኩም። ባለማወቄ ፈንታ «የለም» ብዬ ዘጋሁበት። ጥቅምት ላይ «ዕቃው አይረባም» ስል ያደረግኩትም ይሄንኑ ነው። ያኔ የተጎዳ የለም፤ ቴሌስኮፗ ናት አልጋ ሥር የከረመችው። አሁን ግን የዘጋሁት የልጅ ጥያቄ ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ልጁ ግን ያላያትን ኮከብ ናፍቆ ነበር፤ ናፍቆቱን ቆረጥኩበት።

በማግሥቱ ጠዋት ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የቡና ብርሃን መጠን 7.3 ገደማ ነው። በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል። ጨለማ ሰማይ ሥር ራቁት ዓይን እስከ 6 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ቡና ከዓይናችን አቅም ትንሽ ብቻ ነው የምታልፈው። አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። ጨለማ የለመደ የዓይን ብሌን ቢሰፋ ቢሰፋ 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የቴሌስኮፗ ሌንስ 70 ሚሊሜትር ነው። በስፋት አሥር እጥፍ፣ በሚሰበስበው ብርሃን ደግሞ መቶ እጥፍ። ለዚህ ነው ስለ ቴሌስኮፕ ሲነሳ ሌንሱ ምን ያህል ይሰፋል ብሎ መጠየቅ የሚሻለው። ለዚህ ሌንስ ቡና አስቸጋሪ አይደለችም። በቀላሉ ትታያለች።

ልጁን ጠርቼ ነገርኩት። «ትናንት ሳላውቅ ነው የመለስኩልህ። ይታያል። አብረን እንፈልገዋለን።» ፊቱ ሲበራ አየሁ። ደብተርና እርሳስ ይዞ መጣ።

## ከአልማክ ወደ አልጎል

ቡና ያለችው አንድሮሜዳ በሚባለው ህብረ ኮከብ ውስጥ፣ ከጎረቤቱ ህብረ ኮከብ ከፐርሲየስ ድንበር አጠገብ ነው። መንገዱ ያምራል። አልማክ የሚባል ደማቅ ኮከብ አለ። ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ አልጎል አለ። ስማቸው ዓረብኛ ነው፤ የብዙዎቹ ደማቅ ኮከቦች ስም እንደዚያ ነው። ከአልማክ እስከ አልጎል በሐሳብ ክር ዘርጉ። ቡና የክሩ እኩሌታ ላይ ናት ማለት ይቻላል። እዚያው አጠገቧ ኤም 34 የሚባል የኮከብ መንጋ አለ። በባለ 20ው ሌንስ ሁለቱም አንድ ላይ ይገባሉ። ልጁ ይሄን ደብተሩ ላይ ሳለው።

ጨረቃ እስክትጎድል መጠበቅ ነበረብን። ብርሃኗ ደካማ ኮከቦችን ያጠፋል። ጥምቀት አለፈ። ጨረቃ ዘግይታ መውጣት ስትጀምር ሞከርን። አንድ ማታ ደመና መጣ። አንድ ማታ ጤዛ ሌንሷን አለበሳት፤ ጅማ በጥር ሌሊት እንዲህ ትረጥባለች። በሌሎቹ ማታዎች ደግሞ ከአልማክ ተነስቼ መንገድ ላይ ጠፋሁ። አልማክን ይዤ፣ ወዲያው ወደ ቀኝ እሮጣለሁ። ጠፋኝ ብዬ ተመልሼ አልማክን እይዛለሁ። ደግሞ እሮጣለሁ። በእነዚያ ቀናት አልማክን ከሃያ ጊዜ በላይ አይቻታለሁ ብል አላጋነንኩም።

## «ይቺ አንድ አይደለችም»

ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ማታ፣ ጨረቃ የለችም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ «ኤጭ!» ሲል ልጁና እኔ ተያየን። ከቤት ወጣን። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። የስልኬን መብራት በቀይ ፌስታል ሸፍኜ ነበር፤ ቀይ ብርሃን ዓይንን ብዙ አይረብሽም። ዝም ብለን ተቀመጥን። ኮከቦቹ ቀስ እያሉ በዙ።

እማማ ጨለማው ውስጥ ድምፃችንን ሰምተው መጡ። ጀበናቸውን ከሰል ላይ ጥደው ነው የመጡት። «እስቲ እኔም ልይ፤ ጨረቃዋን እንኳ አላሳያችሁኝም» አሉ። ልክ ነበሩ። ገና ማታ ከእንግዶቹ ጋር ስራወጥ አልጠራኋቸውም። በርጩማቸው ላይ አስቀመጥኳቸው።

እማማ ሠላሳ ዓመት የቡና መጋዘን ውስጥ ለቀማ ሠርተዋል። ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ ስባሪውን ከደህናው መለየት ነው ሥራቸው። እጃቸውን ሲሠሩ አይቻለሁ። እጃቸው ከዓይናቸው ይቀድማል ትላላችሁ። አንድ ቀን እንዴት እንደሚያገኙት ስጠይቃቸው «አልፈልገውም» ነበር ያሉኝ። «ዝም ብዬ አያለሁ። ያልተስማማው ራሱ ይወጣል።» ያን ጊዜ እንደ ጨዋታ ነው የሰማሁት።

አልማክን ያዝኩላቸው። ሐሳቤ «መነሻችን ይቺ ናት» ብዬ ቶሎ ወደ ቡና ማለፍ ነበር። እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን አስጠጉ። ከዚያ እጃቸው ቱቦዋን ዳብሶ የፎከስ ማስተካከያዋን አገኘ። ማንም አልነገራቸውም። በሁለት ጣት ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ደግሞ በጣም ትንሽ ወደ ፊት። ለእኔ ዓይን ያስተካከልኩትን ነበር እስከዚያ ለሰው ሁሉ የማሳየው። እያንዳንዱ ዓይን የራሱን እንደሚፈልግ አላሰብኩም።

ቆዩ። ብዙ ቆዩ። ልጁ ተራውን ፈልጎ እግሩን ይቀያይራል።

«ይቺ አንድ አይደለችም» አሉ።

«አንድ ናት እማማ። አልማክ ትባላለች።»

«ጎኗ ላይ ሌላ አለ።»

«ማቆሚያዋ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። አንድ ናት።»

መልስ አልሰጡኝም። ዓይናቸውንም አላነሱም። ትንሽ ቆይተው፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ቡናም እኮ ቅርፊቱ ሳይነሳ አንድ ይመስላል» አሉ።

ይሄ ንግግር ሆዴ ውስጥ ገባ። ቀይ የቡና ፍሬ በጣታችሁ ጨምቃችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ፍሬ ነው የሚወጣው፤ ጠፍጣፋ ጎናቸው ተገናኝቶ፣ ተቃቅፈው። ከውጭ ግን አንድ ድቡልቡል ነገር ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ «አንድ ናት» ብያለሁ። አላየሁም፤ ብያለሁ። የገና ማታዋ «አይታይም» በሌላ ልብስ መጥታ አፌ ላይ ተቀምጣለች።

ባለ 20ውን ሌንስ አውጥቼ ባለ 10ሩን ሰካሁ። እጄ ነካትና አልማክ ጠፋች። እንደገና ፈለግኳት። ፎከሱን ለእኔ ዓይን መለስኩ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ እስክትረጋ ጠበቅኩ።

ሁለት ናቸው። አንዷ ትልቅ፣ ማር የመሰለች ቢጫ። ሌላዋ ከጎኗ፣ ልትነካት ምንም ያልቀራት፣ ትንሽ፣ እንደ ተልባ አበባ ሰማያዊ። መሃላቸው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጨለማ አለ። ሲንቀጠቀጥ ይዋሃዳሉ፣ ሲረጋ ይለያያሉ። እማማ ይሄን ያዩት በ20 እጥፍ ነው። እኔ በ40 እጥፍ እንኳ መጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር።

«ቀለማቸው ምንድን ነው?» አልኳቸው ቦታውን ስመልስላቸው። ላመሳክር ፈልጌ ነው፤ እኔ ያየሁትን አልነገርኳቸውም።

«ትልቋ ብጫ ናት። ትንሿ ሰማያዊ ትላለች።»

በኋላ አነበብኩ። አልማክ ድርብ መሆኗ ከታወቀ ቆይቷል፤ ዮሐን ቶቢያስ ማየር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1778 ነው የለያት። ትንሿ ሰማያዊት ደግሞ ራሷ ሦስት ናት። በጠቅላላው አራት ኮከቦች ናቸው። ያን መለየት ለእኛ ቴሌስኮፕ ከአቅም በላይ ነው። ከሃያ ጊዜ በላይ እያየሁ ያለፍኳት ኮከብ፣ ሰማይ ላይ ካሉት ድርብ ኮከቦች ሁሉ ውብ ከሚባሉት አንዷ ናት። እኔ ግን እንደ መንገድ ምልክት ነበር የማያት። «ቀጥሎ ወደ ቀኝ» ከማለት ያለፈ ቦታ አልሰጠኋትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት እማማ ፊት ቢነገር ምን ይሉ ይሆን? እሳቸው ሠላሳ ዓመት የለቀሙት ሳይቸኩሉ ነው።

ከዚያች ማታ በኋላ ራሴን አንድ ነገር አስለምጃለሁ። የምፈልገውን ሳልይዝ በፊት፣ መንገድ ላይ ያለውን ኮከብ እስከ ሃምሳ እየቆጠርኩ አያለሁ። ስቆጥር ነው የሚወጡት። መጀመሪያ ጥቁር የነበረው ቦታ ላይ አንድ ነጥብ፣ ቀጥሎ ሌላ። መሣሪያው ያው ነው፣ ሌንሱ ያው ነው፣ ሰማዩም ያው ነው። ዓይኔን አልለወጥኩም። የለወጥኩት የቆይታውን ርዝመት ነው።

## ቡና

ባለ 20ውን ሌንስ መለስኩ። በዚህኛው ዙር አልሮጥኩም። ከአልማክ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ማረፍ። ደግሞ ትንሽ፣ ማረፍ። ልጁ ደብተሩን በቀዩ ብርሃን እያየ ይመራኛል። «አሁን መንጋው መምጣት አለበት» አለ። መጣ። የተበተነ ጨው የመሰለ፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ። ከመንጋው ትንሽ ወጣ ብላ፣ ለብቻዋ፣ አንዲት ነጥብ አለች። ከመንጋው ደማቅ ኮከቦች ጋር ብርሃኗ እኩል ነው። ከስልኬ ካርታ ጋር አመሳከርኩ። ልጁም በራሱ ሥዕል አመሳከረ። ናት።

ልጁ አየ። «ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ትንሽ ናት» አለ። ግን አልተነሳም። እስካሁን ቴሌስኮፑ ላይ ረጅም ጊዜ የቆየው ያኔ ነው።

ቡና ከእኛ 196 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። ያን ማታ ዓይናችን የገባው ብርሃን ከቡና የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ ነው ማለት ነው። ቀዳማዊ አባ ጅፋር የጅማን መንግሥት የመሠረቱበት ዘመን ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ እኔ በቀን ማነጣጠሪያዬን ያስተካከልኩበት ዛፍ ባለበት በኩል፣ ዛሬ ያለው ቤተ መንግሥት ገና አልቆመም። ብርሃኑ ያኔ ተነሳ። ስንት ትውልድ ሲያልፍ መንገድ ላይ ነበር። መጨረሻው ላይ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ዓይን ውስጥ አረፈ። ይሄን ለልጁ ስነግረው ዓይኑን አነሳና ወደ ጅሬን ዞሮ አየ፤ ጨለማ ነበር። ተመልሶ ዓይኑን አስጠጋ።

ተራው የእማማ ሆነ። ቡናቸው ሲንተከተክ ይሰማል፤ ልጁን ልከው ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አስወረዱ። መነጽራቸውን አወለቁ። ፎከሱን ለራሳቸው ዓይን አዞሩ።

«እና አቦሏስ?» አሉኝ።

አፌ ላይ የመጣው ያው የተለመደው ቃል ነው። ዋጥኩት። አሰብኩ። ከዚያ የማውቀውን ነገርኳቸው። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የምትከብድ ፕላኔት ናት። ቡናን አንድ ጊዜ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል። ስትዞር ኮከቧን በጥቂቱ ትጎትታታለች። ቡና አንዴ ወደ እኛ ቀረብ፣ አንዴ ከእኛ ራቅ ትላለች። ሳይንቲስቶቹ ያገኟት በዓይን አይተዋት አይደለም፤ የቡና ብርሃን ውስጥ ያችን መወዛወዝ ለክተው ነው። በዚህች ቴሌስኮፕ አቦልን ማየት አይቻልም፤ ቡና ስትጎተትም አይታወቅም።

እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ዓይናቸውን ሳያነሱ ነው የሰሙኝ። «ስለዚህ አጠገቧ ናት» አሉ።

«አጠገቧ ናት።»

መሬት ስለምትዞር ኮከብ ሌንሱ ውስጥ አይቆምም፤ ቀስ እያለ ወደ ጠርዝ ይሸሻል። ይሄን ለእማማ አልነገርኳቸውም ነበር። ቡና ወደ ዳር ስትሄድባቸው ግን ጠቋሚ ጣታቸውን አንስተው ቱቦዋን ገፋ አደረጓት። ከሚዛን ላይ አንዲት ፍሬ የሚያነሱ ያህል ነው የነኳት። አልተንቀጠቀጠችም። ትንሽ ቆይተው ደግመው ገፏት።